እንግዳን የሚመራ ሰው

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ እንግዶችን እየመራ የከተማውን ታሪክ በማስረዳት የሚኖር አንድ ሰው ነበረ። በማለዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ይወጣና፣ «ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓመተ ምሕረት ዘውድ የጫኑት በዚህ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው» እያለ ያሳያል። ከዚያም ወደ ስድስት ኪሎ ወርዶ በሰማዕታት ሐውልት ሥር ባርኔጣውን ያወልቃል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ስለ ተጣለ፣ ፋሽስቶች በሦስት ቀን ውስጥ ብዙ ሺህ ንጹሓን ሰዎችን እንደ ገደሉ፣ ቤታቸውንም እንዳቃጠሉ ይናገራል።

አንድ ቀን ከደቡብ አፍሪቃ የመጡ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፣ «ኔልሰን ማንዴላ የወታደር ትምህርት የተማሩበትን ስፍራ አሳየኝ» አሉት። ስፍራው በገዛ ሰፈሩ በኮልፌ ነውና መንገድ መሪው እጅግ ደስ አለው። ወደዚያም ወስዶ እንዲህ ሲል አስረዳቸው፤ «ማንዴላ በ1954 ዓመተ ምሕረት መጥተው በዚህ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ተኩስ ተማሩ። ትምህርቱ ለስድስት ወር ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ወር ያህል እንደ ቆዩ ጓደኞቻቸው ስለ ጠሯቸው ተመለሱ። በአገራቸውም ወዲያው ተይዘው 27 ዓመት ታሰሩ። በ1982 ዓመተ ምሕረት ተፈቱ፤ በ1986 ዓመተ ምሕረትም ፕሬዚዳንት ሆኑ።»

እስከዚህ ድረስ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበረ። ነገር ግን የሽማግሌው ዓይን እንባ እንዳቀረረ ባየ ጊዜ ልቡ ተፈተነ። «ሲሰናበቱም ሽጉጥ ሸልሞ የሸኛቸው የእኔ አባት ነው» አለ። አባቱ ግን በመርካቶ ሸክም እየተሸከመ ያሳደገው ድኻ ሰው ነበረ እንጂ፣ የዚያን ሰፈር ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሽማግሌው ዝም ብለው ተመለከቱትና ከተዋዋሉት ዋጋ በላይ ጨምረው ሰጡት።

በዚያች ሌሊት መንገድ መሪው እንቅልፍ አጣ። «የእንግዳ ዓይኑ እኔ ነኝ፤ አገሬን የሚያየው በእኔ ነው። ዓይን ከዋሸ እንግዳ በምን ያያል? ደግሞም ላቡን አንጠፍጥፎ ያሳደገኝን አባቴን አፍሬበት ሌላ አባት ፈጠርሁ» እያለ አዘነ። በነጋም ጊዜ ትርፉን ገንዘብ ይዞ ወደ ሽማግሌው ማደሪያ ሄደ፤ ሐሰቱንም ገልጦ ይቅርታ ለመነ።

ሽማግሌውም፣ «ልጄ ሆይ፣ ሽጉጡን የሰጧቸው ኮሎኔል ታደሰ እንደ ሆኑ ማንዴላ ራሳቸው በመጽሐፋቸው ጽፈዋል። ስለዚህ ሐሰትህን ትናንት ዐውቄ ነበር፤ ላሳፍርህ ግን አልወደድሁም። ያስጨነቀኝ የሽጉጡ ነገር አይደለም። ስለ ሰማዕታቱ የነገርኸኝም ሐሰት ይሆን? እያልሁ ስጠራጠር ዐደርሁ። ዛሬ በመምጣትህ ግን ያን ሁሉ አመንሁ» አሉት።

መንገድ መሪው ይህን በሰማ ጊዜ ደነገጠ። አንዲት ከንቱ ቃል የእነዚያን ሁሉ ሙታን ደም ልታስክድ እንደ ነበረች አስተዋለ።

ሽማግሌውም ገንዘቡን ተቀብለው አጠገባቸው አስቀመጡትና፣ «አሁን ስለ እውነተኛው አባትህ ንገረኝ» አሉት። እርሱም ስለዚያ ተሸካሚ ሰው፣ ከጀርባው ስለማይወርደው ሸክም፣ ማታ ማታም ለልጁ ይዞለት ስለሚገባው ዳቦ ነገራቸው። ሽማግሌውም ከሐውልቱ ታሪክ ይልቅ ይህን ረጅም ጊዜ ተቀምጠው ሰሙት።

ልጆች ሆይ፣ ስለ አገራችሁም ሆነ ስለ ወላጆቻችሁ ስትናገሩ ከእውነቱ ላይ አትጨምሩ። አንዲት ሐሰት ብዙ እውነት ታስጠረጥራለች። የተሳሳተም ሰው ሳይውል ሳያድር ይመለስ፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላልና።