«ሲስተር፣ ካቻቢቴውን አቀብይኝ»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ለሚጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፦ መኪና እጠግናለሁ። በ1971 እንግሊዝ አገር የተሠራች፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ኤም ጂ ቢ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።) ዕድሜዋን በነርስነት የጨረሰች፣ የልጅ ልጅ ያየች ሴት እንዲህ ስትል ሰው መጀመሪያ ይስቃል።

ነገሩን የጀመረው ባለቤቴ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እንግሊዝ ከመጣን በኋላ ግን ኑሮ አውቶቡስ ነጂ አደረገው። የምንኖረው ከኦክስፎርድ ብዙም ሳንርቅ ነው። ኤም ጂ ቢ ከ1962 እስከ 1980 የተገጣጠመችው ደግሞ እዚሁ አጠገባችን፣ አቢንግደን በምትባል ከተማ ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ባለቤቴ የኛዋን በ2009 ከአንድ ሽማግሌ ግቢ በ1,800 ፓውንድ ገዝቶ በጭነት መኪና አስመጣት። በዚያን ቀን ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ከላይ ስትታይ ደህና ነበረች። ቀለሙ ሲፋቅ ግን ከበሮቹ ሥር ያለውን ላሜራ ዝገት ጨርሶ በልቶታል፤ አንዱ የቀድሞ ባለቤት በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀብቶበታል። እኔ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ከላይ የደረቀ፣ ከሥሩ መግል የቋጠረ ቁስል ስንቱን አይቻለሁ! እንዲህ ያለው ቁስል ተከፍቶ፣ የሞተው ሥጋ ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ካልተወገደ አይድንም። ይህች መኪና ደግሞ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ጥንካሬዋን በአብዛኛው የምታገኘው ከዚያው ከበሩ ሥር ካለው ላሜራ ነው። ጣሪያ ስለሌላት፣ እሱ ዝም ብሎ ሲቆረጥ መሃሏ ይጎብጣል፤ በሮቹም ዳግመኛ አይገጥሙም። ስለዚህ አስቀድሞ በበሩ ክፍተት ላይ ድጋፍ ብረት ይበየዳል። እግሩ የተሰበረ ሰውስ ሳይታሰርለት ከመሬት ይነሣል? ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀና «በይ ሲስተር፣ ጓንትሽን አድርጊ» አለኝ። ረዳትነቴ በዚያው ጀመረ።

ሁለቱን ጎኖች ለመጨረስ አራት ዓመት ፈጀብን። የሌሊት ተራ አለ፣ የልጆች ትምህርት አለ፣ አገር ቤት ለቅሶ አለ። አንዳንዱ ወር ገንዘብ አይኖርም፣ አንዳንዱ ወር ጉልበት አይኖርም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የልጅ ልጃችን ይመጣል። የባለቤቴ የመኪና ቋንቋ የአዲስ አበባ ጋራዥ ቋንቋ ነው፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ። ልጁ እነዚህ ከጣሊያን የመጡ መሆናቸውን አያውቅም፤ ጥርት ያለ አማርኛ ብሎ ነው የያዛቸው። እኔም አላርመውም። አማርኛ ተማር ሲሉት ያለቅስ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ከመኪናው ሥር ሆኖ «አያቴ፣ ይሄ ብሎን እምቢ አለ» ይላል።

ባለቤቴ የፈታውን ብሎንና ዳዶ ሁሉ በትንንሽ ከረጢት ከትቶ፣ የየት እንደሆነ በወረቀት ጽፎ ያስቀምጥ ነበር። በ2018 አንድ ቀን መደርደሪያውን ሳስተካክል ከረጢቶቹን በየዓመታቸው አሰለፍኳቸው። የመጀመሪያዎቹ ላይ ፊደሉ ትልልቅ ነው። እያደር ያንሳል። የመጨረሻዎቹን ያለ መነጽር ማንበብ አልቻልኩም። ጽሑፍ እንዲህ ሲኮማተር ምን ሊሆን እንደሚችል ነርስ ታውቃለች። ወዲያው ቀጠሮ አስያዝኩለት። ፓርኪንሰን ነው ተባለ፤ በ1817 ስለዚህ በሽታ በጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ስም የሚጠራ። «በሽታዬም እንግሊዝ፣ መኪናዬም እንግሊዝ» አለ ከሐኪሙ ስንወጣ።

ከዚያ በኋላ ሥራችን በክኒኑ ሰዓት ሆነ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይውጣል፤ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ሰውነቱ ይፍታታል፤ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ደግሞ መድኃኒቱ እያለቀ ይመጣል። ደቃቅ የሆነውን ሥራ ሁሉ በዚያ መሃል እናስገባዋለን። መኪና ፓርኪንሰንን ያድናል እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ አያድንም።

ባለፈው ዓመት መንጃ ፈቃዱን በገዛ ፈቃዱ መለሰ። ልጃችን በዚያው ሰሞን ለእራት መጥቶ «እማዬ፣ አባዬ የማይነዳትን መኪና ለምን አትሸጧትም? ቦታም ይለቀቃል» አለ። ክፋት የለበትም፤ ስለ እኛ አስቦ ነው። ባለቤቴ ግን ሰማ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጋራዡን አልከፈተም። ጠዋት ይለብሳል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ መስኮት ያያል። የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ የሚወስድበት ጊዜ በዓይኔ እያየሁት ረዘመ።

አንድ ሐሙስ ብቻዬን ወጥቼ ካርቡሬተሮቹን ማስተካከል ጀመርኩ። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም እኩል አየር ካልሳቡ ሞተሩ ይንገዳገዳል። የድሮ መካኒኮች የጎማ ቱቦ ጆሯቸው ላይ አድርገው የአየሩን ሲሲታ ያነጻጽራሉ። እኔ ከዚያ የተሻለ ዕቃ ነበረኝ። የልብ ማዳመጫዬን አውጥቼ፣ ደረት ላይ የሚያርፈውን ክብ ነገር ነቅዬ፣ ቱቦውን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እያዛወርኩ አዳመጥኩ። የኋለኛው አብዝቶ ይስብ ነበር። ጠመዝማዛዋን ልነካ ስል ከበስተኋላዬ «ቆይ! በእሱ አይደለም። ሲስተር፣ ያንን ትንሿን ካቻቢቴ አቀብይኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። እጁ ጸንቷል።

ለልጄ በስልክ የነገርኩት ይህንን ነው፦ መኪናዋ አትሸጥም፣ የምነዳትም እኔ ነኝ። የባለቤትነት ወረቀቷም ወደ ስሜ ዞሯል። እርግጥ ነው፣ የወጣባት ገንዘብ ከምታወጣው ዋጋ ይበልጣል። ጣሪያዋ ገና አልተሰፋም፣ የኋላ መብራቷም አንዱ እንቢ ብሏል። ደግሞ እኔ አጭር ነኝ፤ እግሬ ፍሪሲዮኑን በደንብ እንዲረግጥ ወንበሩ ወደ ፊት መሳብ አለበት፤ የሚንሸራተትበት ብረት ግን ዝጎ ተጣብቋል። ዘይት አፍስሰንበታል። ቅዳሜ ልጁ ሲመጣ እንሞክረዋለን።