ከኋላ ወንበሩ ሥር

አባቴ ካረፈ ወዲህ ቮልሷ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ዘጠኝ ክረምት አሳልፋለች። 1300 ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል፣ ባለ 6 ቮልት። እኛ ልጆቹ ትምህርት ቤት የተመላለስንባት፣ እናቴ ታናሽ እህቴን ለመውለድ በሌሊት ሐኪም ቤት የደረሰችባት መኪና ናት። አምና ጥቅምት ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ "ወይ ትሸጥ ወይ ትነሳ" ሲባል ቁልፉን እኔ ተቀበልኩ። ስለ ሞተር የማውቀው ነገር አልነበረም። የማውቀው አንድ ሰው ነበር።

ጋሼ የአባቴ ጓደኛ ነበሩ፤ አሁን የእኔ ጓደኛ ናቸው። አርባ ዓመት ያህል በመካኒክነት ሠርተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቮልስ ላይ። ስደውልላቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሞተሩ አልነበረም። "ሊብሬው አለ?" አሉኝ። አለ። "እንግዲያው ቅዳሜ እመጣለሁ።"

እኔ እስከ ቅዳሜ ድረስ ቀለም ስመርጥ ቆየሁ። አባቴ የሚወዳት ያቺ ፈዛዛ ሰማያዊ ተመልሳ እንድትታይ ነበር ምኞቴ። ጋሼ መጡና መኪናዋን አንዴ ዞሯት። ፓራፋንጎውንም ኮፈኑንም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በሩን ከፍተው የኋላ ወንበሩን መቀመጫ ነቅለው አወጡ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ፣ ከኋላ ወንበሩ ሥር በቀኝ በኩል ነው። ባትሪውን አንስተን ካቻቢቴ አቀበልኳቸው። ጫፉን ወለሉ ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ብቻ ጫን አሉት። ላሜራው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰብሮ ወረደ። በቀዳዳው የግቢያችን ሣር ታየኝ።

"ቀለሙን የት ልትቀባው ነው?" አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም።

ያን ቀን ያስረዱኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ ላሜራውን ይበላል፤ ከምንጣፉ ሥር የሚቋጥረው የዝናብ ውኃ ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። ቮልስ ላይ ወለሉ ዋና ነገር ነው። መሐሉ ላይ እንደ አከርካሪ የሚሄደው ቱቦና ግራና ቀኙ ያሉት ላሜራዎች ናቸው መኪናዋን የሚሸከሟት፤ የላይኛው አካል ዙሪያውን በብሎን ታስሮ እነሱ ላይ ይቀመጣል። ወለሉ የበሰበሰ መኪና ምንም ቢቀባ ጤነኛ አይደለም።

ቀኝ ፓራፋንጎውን ስንፍቀው ደግሞ አንድ ጣት የሚወፍር ስቱኮ ተገምሶ ወደቀ። ከሥሩ ዝገት ብቻ ነበር። አባቴ ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ ጋራዥ ከፍሎ ያሠራው ሥራ ነው። ዝገትን ሳይቆርጡ ስቱኮ መለሰን ማለት እርጥበቱን ከውስጥ ዘግቶ መተው ነው፤ ዝገቱ ማንም ሳያየው ሲበላ ይኖራል። አባቴ ያቺን መኪና ከጋራዡ ሲያመጣት የነበረው ደስታ ትዝ አለኝና ተናደድኩ። አሁንም እናደዳለሁ። መኪና የማያውቅን ሰው እንዲህ ማድረግ ነውር ነው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ወለሉ ላይ ቆየን። አካሉን አነሳን፣ የበሰበሰውን ቆረጥን፣ አዲስ ላሜራ በየድን። ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም፤ አቧራ፣ ብልጭታና ትዕግሥት ነው።

ሞተሩ ግን ሌላ ዓለም ነው። ቮልስ ውኃ የላትም፣ ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየር ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ችንጋ ማራገቢያውንም ያዞረዋል። ስለዚህ ችንጋ ተበጥሶ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ "ባትሪው እቤት ያደርሰኛል" ተብሎ አይነዳም፤ ሞተሩ ይቃጠላል። ሞተሩን ከካምቢዮ ጋር የሚያያዙት አራት ትልልቅ ብሎኖች ናቸው። እነሱን ፈትተን፣ የመኪናዋን ኋላ ከፍ አድርገን ከሥር ጎትተን አወጣነው።

ጋሼ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ስለዚህ የሚያዩትና የሚሰሙት እሳቸው፣ የሚይዘው እጅ የእኔ ሆነ። የቫልቭ ክፍተት ያስተማሩኝ ቀን ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፑሌጃው ላይ ያለውን ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር አገናኘሁ። መጀመሪያ ሲሊንደር 1፤ ከዚያ ፑሌጃውን ወደ ኋላ ግማሽ ዙር፣ ሲሊንደር 2፤ እንዲህ እያለ እስከ 4። ለሁሉም የሚሰጡት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ስሷን መለኪያ ክፍተቱ ውስጥ አስገብቼ ስስባት "ላላች" አሉኝ። አጠበቅኩ። "አሁን ነከሰች።" እሳቸው መለኪያዋን አልነኩም፤ የሚያዩት የእኔን ጣት ነው። ዳዶውን ሳጠብቅ ብሎኑ አብሮ እየዞረ አስቸገረኝ፤ አንዷን ቫልቭ ብቻ ስድስት ጊዜ ደጋገምኳት። በመጨረሻ መለኪያዋ ሳትላላም ሳትነክስም ስትንሸራተት በራሴ እጅ ተሰማኝ። ቀና ስል ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ እስኪደርስ ይጨንቀኛል። በራችን ክፍት ስለሆነ የሰፈር ሽማግሌዎች ጎራ ይላሉ፤ ሁሉም የራሱ የቮልስ ወግ አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን መወሰዳቸው ሳይነሳ የሚያልፍ ቅዳሜ የለም። ጋሼ በዚህ ወሬ አይገቡም፤ ሞተሩን ነው የሚያዩት።

ሞተሩን ስንፈታ ቴስታታው ላይ የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሎ ተገኘ። በዚያ ዘመን ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ከማራገቢያው ወደ ሲሊንደር 3 በሚወርደው አየር መንገድ ላይ ስለሆነ ይህ ሲሊንደር ሁልጊዜ ከሌሎቹ ይሞቃል። የእኛ ላይ ሌላም ምክንያት ነበረ። በግራ በኩል ካሉት ከሲሊንደር 3 እና 4 ሥር መግባት የነበረበት፣ አየሩ ሲሊንደሮቹን አቅፎ እንዲያልፍ የሚያደርገው ትንሽ ላሜራ የለም። አንድ ጊዜ ሞተሩን የፈታ ሰው መልሶ አልገጠመውም። መኪናዋ ያለ እሱም ትነሳለች፣ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ማንም አላወቀም።

ቫልቩን ቀየርን፣ ቴስታታውን አስተካከልን። ለላሜራው ሶማሌ ተራን ከጋሼ ጋር ሦስት ጊዜ ዞርን። እሳቸው ለናሙና የቀኙን ላሜራ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ከሱቅ ሱቅ ያሳያሉ፤ ወጣቶቹ ነጋዴዎች አገላብጠው አይተው ይመልሱላቸዋል። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከተሠራች ሃያ ዓመት አልፏል፤ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ዕቃ የሚገኘው ከተፈታ መኪና ላይ ነው። እኔ "አስቀጥቅጠን እንሥራው" ብዬ ነበር። ጋሼ ኦሪጅናሉን ፈልገን ካጣነው ብቻ ነው ብለዋል፤ እሱ ሳይገባ ሞተሩ አይሰቀልም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ግቢያችሁ ውስጥ የቆመች ወይም የተበታተነች የ1300 ቮልስ ካለች፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ከግራዎቹ ሁለት ሲሊንደሮች ሥር ተመልከቱልኝ። መዳፍ የምታህል የታጠፈች ላሜራ ናት። ብትዝግም ግድ የለም፤ ተገቢውን ዋጋ ከፍዬ፣ ያላችሁበት ድረስ መጥቼ እወስዳታለሁ።