በሚኒያፖሊስ ስለ ኩራት ቃላት

የሚሲሲፒ ወንዝ በበረዶ በሚታሰርበት በታኅሣሥ ወር፣ አረጋውያንን በማስታምምበት ቤት ለሠራተኛው ሁሉ አንድ ወረቀት ይታደላል፤ ከጥያቄዎቹም አንደኛው በዓመቱ ከሠራኸው ሥራ የምትኮራበትን ጻፍ የሚል ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ ከትሕትና ይልቅ በሀፍረት፣ ያን ስፍራ ባዶውን ትቼ ፈረምኩ፤ አለቃዬም ባዶውን መስመር እንደ ባዶ ሥራ ቆጥረው ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጡኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሕሙማንን ሳገላብጥ የከረምኩ ሰው ነኝና ነገሩ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ በማታ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛን የኩራት ቃላት እንደ ቆሎ ተማሪ መላልሼ አጠናሁ። በጥንቱ ፈረንሳይኛ ጀግና ማለት ከነበረ ቃል የተወለደው «ፕራውድ»፣ ትዕቢተኛው የሚነቀፍበት ሆኖ ሳለ፣ አባት ለልጁ ምርቃት አስመስሎ የሚቸረውም እርሱው ነው። በራሱ ረክቶ እርካታው ከፊቱ የሚነበበውን ሰው «ስማግ» ይሉታል፤ ይህም ቃል ዱሮ ጽዱና ሽክ ያለ ማለት ነበረ። በደረሰበት ረክቶ የሚዘናጋው ደግሞ «ኮምፕሌሰንት» ነው።

የእኛም ቃላት ቢመረመሩ ምሥጢራቸው ጥልቅ ነው። ዐብየ፣ ማለትም ታላቅ ሆነ፣ ከሚለው የግዕዝ ግስ ትዕቢት ወጥቶ ራስን ማግነንን ሲያወግዝ፣ ከዚያው ግስ የወጣው ዐቢይ ሥጋችንን የምናደክምበትን ጾም ይሰይማል። ትምክህት ነቀፋ ሲሆን፣ ዘመዱ ምክሕ ግን እመቤታችንን ምክሐ ደናግል ብለን የምናከብርበት ነው፤ ልዩነቱ፣ እኔ እንደ ገባኝ፣ ሰው የሚመካው በማን ነው በሚለው ላይ ያርፋል። ኩራትማ ከሁሉ ይሰፋል፤ የሚግደረደረውን እንግዳ «አትኩራ፣ ብላ እንጂ» እንለዋለን፤ ክብሩን ለእንጀራ የማይሸጠውን ድሀ «ኩራቱ እራቱ» ብለን እናመሰግነዋለን። ሰው ስለ ገዛ ሥራው ኮራሁ ብሎ የሚናገርበትን ወግ ግን ባደግሁበት ቤት አላየሁም። ፉከራ አለ እንዳይባል፣ ፉከራ የዘማችና የአዳኝ ነው፤ አስታማሚ አይፎክርም።

የተወለድኩት ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ ነው። አባቴ ራሳቸውን አንድ ቀን እንኳ አሞግሰው አያውቁም፤ ስለ ከተማቸው የጀመሩ እንደ ሆነ ግን የሚያቆማቸው አልነበረም። ጨርጨርን ያስተዳድሩ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከተማዪቱን እንዴት እንዳቀኗት፣ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት እንዴት እንዳረቀቁ፣ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ እንዴት እንደ ተሟገቱ ሲተርኩ፣ ያን ሁሉ ራሳቸው የሠሩት ይመስል ፊታቸው ይበራ ነበር። እኔ ሚኒስትሪ ያለፍኩ ዕለት ግን «ተመስገን በል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከሚኤሶ ማሽላ እያመጡ ይሸጡ የነበሩት ኦሮሞ ጎረቤታችን ናቸው ጉንጬን ይዘው «ሲቲን ቦና» ያሉኝ፤ ኮራሁብህ ማለታቸው ነው። አስተማሪዬ በሚኒያፖሊስ ሊያስረዱኝ የደከሙበት ቃል፣ ለካ በልጅነቴ በደጃችን ተነግሮኝ ኖሯል።

እናቴ ግን በቃል አልተናገረችም። ታኅሣሥ 19 ቀን በሂርና በኩል ወደ ቁልቢ ገብርኤል ሄዳ፣ ስለ እኔ የተሳለችውን ጥላ አስገባች። በዚያ እንደ አሸዋ በበዛ ምእመን መካከል ጥላውን ዘርግታ መቆሟ፣ ልጄ አለፈልኝ ብሎ በአደባባይ መመስከር ነበረ፤ ምስጋና ነበረና ማንም ትዕቢት ነው አላላትም።

ዘንድሮ ወረቀቱ የመጣው በቁልቢ በዓል ሰሞን ነው። የማስታምማቸው አንዲት ባልቴት፣ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ከአምስት ወር በኋላ፣ ክንዴን ይዘው ከአልጋቸው እስከ መስኮቱ በእግራቸው መሄዳቸውን፣ በዚያም ቆመው በረዶ የለበሰውን ወንዝ መመልከታቸውን ጻፍኩ። ቀጥዬም በእንግሊዝኛው ቃል፣ በእርሳቸው እኮራለሁ ብዬ ፈረምኩ።