የቀጥቃጭ ልጅ በዳሚ

ዳሚ የሶማሊላንድ ዋና ከተማ የሐርጌሳ ሰፈር ናት። አብዛኛው ነዋሪዋ ገቦዬ ተብሎ የሚጠራው ሕዝብ ነው፤ ብረት ቀጥቃጩ ቱማል አለ፣ በቆዳ ሥራ የሚታወቀው መድሂባን አለ፣ ሙሴ ዴሪዮና ይብርም አሉ። ሌላው ጎሳ ቢላዋውን ከእነሱ ይገዛል፣ ፀጉሩን በእነሱ እጅ ይቆረጣል፤ ልጁን ግን አይድርላቸውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሒሳብ መምህር ሆኜ በቶጎ ውጫሌ በኩል ሐርጌሳ ስገባ ቤት የተከራየሁት እዚያ ነው። ኪራዩ የአቅሜ ነበር፤ ሐበሻ ነህ ብሎ ፊቱን ያጠቆረብኝም አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት የቀሰቀሰኝ ወናፍ ነው። ያንን ትንፋሽ የማውቀው ገና ዳዴ ከምልበት ጊዜ ጀምሮ ነው። አባቴ ቢቸና አካባቢ ቀጥቃጭ ነበር። ወጥቼ ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ከመሬት ተቀምጠው የመኪና ባሌስትራ በፍም አግለው ይቀጠቅጣሉ፤ ልጃቸው ወናፉን ይረግጣል። አባቴ ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር፣ እሳቸው መጥረቢያና ቢላዋ። የመዶሻው አወራረድ ግን አንድ ነው። ጉጠቱን ተቀብዬ ብረቱን ስይዝላቸው እጄን አዩና ሳቁ፤ ከየት እንደመጣሁ ሳይጠይቁ ሻይ አስመጡልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዳሚ እንግዳ አልነበርኩም።

አገሬን በደንብ ያሰብኳት እዚያ ሰፈር ነው። አባቴ ጎልማሳ እስኪሆን ርስት አልነበረውም። የሠራውን ማረሻ ገበሬው ይወስዳል፣ በመኸር እህል ይሰፍርለታል፤ በድግስ ቀን ግን ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ቡዳ ይሉት ነበር። እናቶች እሱ ሲያልፍ የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ ከእኛ ቀበሌ ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጀበት። መሬት ለአራሹ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ግን ደረሰ። ከገበሬው እኩል ለአባቴም እርሻ ተለካለት። በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ማታ ማታ በፋኖስ ፊደል ቆጠረ። እኔን አንደኛ ክፍል ያስመዘገበኝ ራሱ ፈርሞ ነው። ቀጥሎ ባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ስገባ የበላሁትም የተኛሁበትም የመንግሥት ነበር፤ አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም።

ያንን መሬት ያከፋፈለ መንግሥት በቀይ ሽብር የስንቱን ቤት እንዳጨለመ አውቃለሁ፤ ጎረቤቶቻችን ልጃቸውን ቀብረዋል። ስለዚህ ምስጋናዬ ለደርግ አይደለም። ጭሰኛው ስለጮኸ፣ ተማሪው መሬት ለአራሹ እያለ አደባባይ ስለወጣ፣ የዘመቻ ልጆች ፋኖስ ይዘው ገጠር ስለገቡ ነው እኔ መምህር የሆንኩት። አገሬ የምላት እነሱን ነው።

አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ነበሩ፤ እንደ ሰፈሩ ልጆች ኤዶ፣ አክስቴ እንደማለት፣ እላቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ማአሊን ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው። በግንቦት 1980 ዓ.ም. የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሐርጌሳ ሲገቡ የሶማሊያው ገዢ የዚያድ ባሬ ጦር ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከራሷ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ነበር። ኤዶ ልጆቻቸውን ይዘው ሌሊት ሌሊት በእግር ሄደው፣ ድንበር ተሻግረው ኢትዮጵያ ውስጥ ሐርቲሼክ ደረሱ። ሐርቲሼክ ውሃ የሌለበት ሜዳ ነው፤ ሩብ ሚሊዮን ለሚጠጋ ስደተኛ ውሃ በቦቴ ነበር የሚመጣው። ለወረፋው ሲጋፉ የለመዷት አማርኛ ነበረቻቸው፤ «ቆይ»፣ «ተራ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ»። «አገራችሁ ራሷ ተርባ ነበር፣ ግን አስጠለለችን» አሉኝ አንድ ማታ። ያንን ከእሳቸው ስሰማ ደረቴ ሞላ። በ1977 ድርቅ የእህል ወረፋ ያየ ሰው ነኝና ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል።

ሶማሊላንድ ነፃነቷን ባወጀች በአሥረኛው ዓመት፣ ግንቦት 23 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በሕገ መንግሥቱ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ዳሚ ሳይነጋ ነው የተነሣችው። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላ። ኤዶ አዲስ ዲራቸውን ለብሰው፣ በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ቆሙ። እኔ የውጭ ሰው ስለሆንኩ ራቅ ብዬ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ እመለከታለሁ። ፀሐዩ ሲበረታ ወጣቶች ቅድሚያ ሊሰጧቸው ቢፈልጉ እምቢ አሉ። ተራቸውን ጠብቀው ገቡና ወጡ። ቀለም የነካ ጣታቸውን እያሳዩኝ፣ «ልጄን አላገባም ያለው ሰው ዛሬ ከኋላዬ ተሰልፎ ነበር» አሉ። ከመቶ 97 ድምፅ ሰጪ ሕገ መንግሥቱን ደገፈ። ዓለም እስከዚያ ቀን ላልቆጠራት አገር የኤዶም ድምፅ እኩል ተቆጠረ።

ስድቡ በሕዝበ ውሳኔ አልቀረም። የዳሚ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው፣ በዘራቸው ሲሰደቡ ደብተራቸውን ጥለው ወደ ወናፉ ይመለሱ ነበር። ይህን እያየሁ ዝም ብል አገሬ ለእኔ ያደረገችውን መካድ መሰለኝ። ማታ ማታ ከሥራ መልስ በኤዶ ግቢ ሒሳብ ማስተማር ጀመርኩ። ጥቁር ሰሌዳው ቀለም የተቀባ የበርሜል ክዳን ነበር። ክፍልፋይን ያስረዳሁት በባሌስትራ ነው፦ ከአንዱ ብረት ስንት ቢላዋ ይወጣል? ያንን ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁት ነበር፤ ያላወቁት ክፍልፋይ መባሉን ብቻ ነው። የኤዶ የልጅ ልጅ ከሁሉም ይፈጥን ነበር። ሲሰድቡት ምን እንደሚመልስ ሲጠይቀኝ የአባቴን ታሪክ፣ እርሻውንና ፊርማውን ነገርኩት። በማግሥቱ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ ከዓመታት በኋላ ሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ መግባቱን በስልክ ያበሠረኝ ራሱ ነው።

ለእረፍት ቢቸና ስሄድ ለአባቴ ስለ ዳሚ አወራሁለት። ወናፋቸው በእጅ ነው ወይስ በእግር፣ ከሰላቸው ከምን እንጨት ነው፣ እያለ ሁሉን ጠየቀኝ። በመጨረሻ፣ «መሬት አላቸው?» አለ።

«መሬት የላቸውም፤ ድምፅ ግን ሰጥተዋል።»

«ልጆቹስ? ይማራሉ?»

«እኔ አስተምራቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ቶሎ ተመለስ» አለኝ፣ ስንቄንም እንድታሰናዳ እናቴን ጠራት።