አርዲቦ የሚያውቃት ስም



ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። የመንገደኛው ዓይን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ከከተማዋ አጠገብ በተንጣለለው በሎጎ ሐይቅ ላይ ነው። ከዚያ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ባለ ስፍራ፣ በተራሮች መካከል የተኛ ሌላ ሐይቅ እንዳለ ልብ የሚለው ግን ጥቂቱ ነው። እርሱም አርዲቦ ነው። ባለፈው መስከረም ወደ አርዲቦ የወሰደኝ ሽርሽር አልነበረም። እናቴ ሐጅ ትሄድ ዘንድ ምስክር ፍለጋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የተወለደችው አርዲቦ ዳር ነው። እውነተኛ ስሟን በመጽሔት ማውጣት ስለማልወድ ዘሀራ እንድሪስ ልበላት። አባቴን ደግሞ ሰይድ ልበለው። ሐይቅ ከተማ ስትዳር፣ በአገራችን በብዙ ቦታ እንደሚለመደው፣ አማቷ አዲስ ስም አወጡላት፤ እርሱንም ወለላ ልበለው። ስሙ የወጣው በፍቅር ነው። አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ምራታቸውን እንደ ልጃቸው ያዩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም ዘመዱም ወለላ እያለ ሲጠራት ኖረ። እኛ ልጆቿም ያወቅነው ይህንኑ ስም ነው።

በደርግ ዘመን የቀበሌ መዝጋቢ ቤታችን ሲመጣ ያገኘው አባቴን ነበር። «ባለቤትህ ማን ትባላለች?» ቢለው «ወለላ» አለ። የአባቷን ስም የጠየቀ ስላልነበረ የባሏ ስም ተከትሎ ተጻፈ፤ ወለላ ሰይድ። መታወቂያዋ በታደሰ ቁጥር ያው ስም ሲገለበጥ ኖረ። ከአባቷ በወረሰችው መሬት የይዞታ ደብተር ላይና በልጅነቷ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በተሰጣት ወረቀት ላይ ግን ስሟ ዘሀራ እንድሪስ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቷንም ያወጣነው በእነዚህ ማስረጃዎች ነበር።

ለሐጅ ጉዞ ፓስፖርት ልናወጣ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድን። ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋ ተመለከተችና «እማማ፣ እነዚህ እኮ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለች። እናቴ ጥቂት ዝም ብላ «ልጄ፣ ሁለቱም እኔ ነኝ» አለቻት። ሠራተኛዋን አልወቅስም። ወረቀት የሚመሰክረው የተጻፈበትን ብቻ ነውና። እንዲያውም የባሰው ሌላ ነበር። በአገራችን ከሰው ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባት ስም ስለሆነ ወለላ ሰይድ የሚለውን ያነበበ ሁሉ እናቴን የሰይድ ልጅ አድርጎ ይረዳታል። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት በወረቀት ላይ አባትና ልጅ ሆነው ተገኙ! አብረው ለሐጅ ሲመዘገቡ ዝምድናቸውን ምን ብለው ይሙሉ?

ሕግ የሚያውቅ አንድ የሥራ ባልደረባዬ መላውን ነገረኝ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያገባች ሴት የራሷን ስም እንደያዘች እንድትቀጥል ይደነግጋል። ትዳር በራሱ ስም አይለውጥም ማለት ነው። ስለዚህ የእናቴ ጉዳይ ስም መለወጥ ሳይሆን ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በፍርድ ቤት ማስረዳት ነበር። ለዚህም ከመዳሯ በፊት የሚያውቋት ሰዎች ያስፈልጋሉ። እነርሱ ያሉት ደግሞ አርዲቦ ነው።

እናቴን ይዤ ከሐይቅ ከተማ በባጃጅ ተነሣን፤ መንገዱ ሲከፋ ወርደን በእግር ወጣን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ምድሩ አረንጓዴ ለብሷል፤ ማሽላው ቁመቱ ከሰው በልጧል። ጉብታው ላይ ስንደርስ አርዲቦ ድንገት ከፊታችን ተዘረጋ። እናቴ በትሯን ተደግፋ ቆመችና «እዚህ ነበር ውሃ የምንቀዳው» አለችኝ። የልጅነቷን ነገር ስታወራልኝ ከዚያ በፊት ብዙም አልሰማሁም።

ወደ መንደሩ ስንጠጋ አንዲት አሮጊት ከደጃቸው ሆነው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩን። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዘሀራ! አንቺ ዘሀራ!» ብለው ተጣሩ። በሠላሳ አምስት ዓመት ዕድሜዬ እናቴ በዚያ ስም ስትጠራ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ፊቷን ዞሬ ባይ እንባዋ ወርዷል። ሁለቱ ተቃቅፈው ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም።

ቡና ተፈልቶ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ጉዳያችንን ተናገርን። በዕድሜ የገፉ አንድ ሼህ እስከ መጨረሻው አዳምጠው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ከዚህ ከአርዲቦ የሚወጣው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ሎጎ ይገባል። እዚያ ሲደርስ የሎጎ ውሃ ይባላል፤ እኛም አንቀየምም። ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ ግን የአርዲቦ ነው ማለት አለብን። የእንድሪስን ልጅ የእንድሪስ ናት ብሎ መመስከር ግዴታችን ነው።» ሦስት ሰዎች ለመመስከር ፈቀዱ።

የሼሁ ቃል በመድረሳ የተማርነውን አስታወሰኝ። ሰዎች በአባቶቻቸው እንዲጠሩ የሚያዝዘው የሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ የማደጎ ልጆችን ነገር የሚመለከት ነው። የዘር ሐረግ መጠበቅ እንዳለበትም ያስተምረናል። ከ615 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሶሐብያት ብናይ፣ ሩቀያ ከባሏ ከዑስማን ቢን ዐፋን ጋር፣ አስማእ ከባሏ ከጀዕፈር ቢን አቢ ጣሊብ ጋር ነበር የመጡት። ታሪክ የሚያውቃቸው ግን ሩቀያ ቢንት ሙሐመድ፣ አስማእ ቢንት ዑመይስ እያለ ነው። ባሕር ተሻግረው ባዕድ አገር ሲገቡም የአባታቸው ስም አልተለያቸውም። አላህ መልካም ሥራቸውን ይውደድላቸው።

ውድ እህቶች፣ ይህ ጣጣ የገጠር እናቶች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ውጭ አገር የሚኖሩ እህቶቻችንም በሌላ መንገድ ይገጥማቸዋል። የዓለም ሕግ አንድ አይደለም። በዐረብ አገሮች ሴት እንደኛው የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። በካናዳ ኪቤክ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያገባች ሴት በልደት ስሟ እንድትቀጥል ሕጉ ያዝዛል። በጃፓን ደግሞ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ይገደዳሉ። በአሜሪካ ሴቲቱ ከፈለገች የባሏን ስም ትይዛለች። እንዲህ ያደረገች እህት ፓስፖርቷ በባሏ ስም፣ የትምህርት ማስረጃዋና የልደት ወረቀቷ በአባቷ ስም ይሆናል። ባልና ሚስት የተለያየ ስም ይዘው ሲጓዙም «በእርግጥ ባለትዳር ናችሁ?» መባል አይቀርም። እናት ከልጆቿ ጋር ብቻዋን ስትጓዝ ጥያቄው ይጠናል፤ በእኛ አሰያየም የልጆቹ የመጨረሻ ስም ከእርሷ ጋር አይገጥምምና።

ስለዚህ መንገደኛ እህት አስቀድማ ልታስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የአውሮፕላን ቲኬቷ በያዘችው ፓስፖርት ላይ እንዳለው ስም፣ ፊደል ሳይዛነፍ ይቆረጥ። በሠርግ ስሟ ብትታወቅም ፓስፖርቱ የአባቷን ስም ከያዘ ቲኬቱም ቪዛውም የአባቷን ስም ይያዝ። ሁለቱን ስሞች የሚያገናኘውን ወረቀት፣ ማለትም የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔውን፣ ከነትርጉሙ በእጅ ቦርሳዋ ትያዝ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አትክተተው። ለውጭ አገር የሚቀርበው ወረቀት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ፣ አንዳንዴም በተቀባዩ አገር ኤምባሲ መታየት ስላለበት ጊዜ ይወስዳል፤ በጉዞ ዋዜማ አይጀመርም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ መሐመድ የሚለው ስም ብቻ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው የምታውቁት ነው። ከሁሉም ወረቀት ላይ አንዱን አጻጻፍ መርጦ መጽናት ይበጃል። ኒካሕ የፈጸሙም ጋብቻቸውን በወሳኝ ኩነት ያስመዝግቡ። ኒካሑ በአላህ ዘንድ በቂ ነው፤ በድንበር ላይ የቆመው ሰው ግን የሚጠይቀው ወረቀት ነው።

ወደ እናቴ ልመለስ። የወረዳው ፍርድ ቤት ምስክሮቹን ሰምቶ ወለላም ዘሀራም አንዲት ሴት መሆኗን አረጋገጠ። መታወቂያዋ ታረመ፤ ፓስፖርቱም ዘሀራ እንድሪስ ተብሎ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ግን የዓመቱ የሐጅ ምዝገባ አልፎ ነበር። እናቴ ፓስፖርቱን በሁለት እጇ ይዛ ፎቶውን ብዙ አየችው። «የዘንድሮው ቀርቷል። አላህ ካለ ለሚመጣው ደግሞ የአባቴን ስም ይዤ እሄዳለሁ» አለች። አባቴ ከጎኗ ተቀምጦ «እኔ እንደሆንኩ ወለላ ማለቴን አልተውም» ቢላት ሳቀች። «በቤት አንተ የፈለግኸውን በል፤ በወረቀት ግን የእንድሪስ ልጅ ነኝ» አለችው።

እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ወረቀታቸውን ገልጠን እንይላቸው። ምስክሮቻቸው እየሸመገሉ ነውና ዛሬ ነገ አንበል። አላህ የናፈቁትን ቤቱን ለመዘየር ያብቃቸው። አሚን።