ከመስመሩ ውጭ ያለው ጨዋታ

ሰኔ ሊወጣ ሲል፣ አሜሪካውያን የነጻነት ቀናቸውን በሚያከብሩበት ሳምንት፣ የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን ለእግር ኳስ ውድድር አንዲት ከተማ ላይ ይሰበሰባሉ። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ይህን ውድድር የጀመረው በ1984 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስታዲየሙ ከዳላስ ሲያትል፣ ከሲያትል አትላንታ ቢዞርም አንዱን ግቢ ያየ ሌላው አይጠፋበትም።

በሩን አልፈው ሲገቡ ኳሱን ለማየት መጀመሪያ ድንኳኖቹን መሻገር አለብዎት። ጥብስ ይጠበሳል፤ ቡና ይፈላል፤ ባለ ሦስት ቀለም ሹራብና የሐበሻ ቀሚስ ተንጠልጥሏል። ወረድ ሲሉ ባንኮችና አዲስ አበባ ላይ አፓርታማ የሚሸጡ ድርጅቶች ወረቀት ያድላሉ። ሮብ ገበያ የዋለ ሰው በዚህ አይደነቅም። እዚያም የወጣ ሁሉ የሚሸጥ ይዞ አይወጣም፤ ዘመድ ሊጠይቅ፣ ወሬ ሊቃርም፣ የተኳረፈ ሊያስታርቅ የሚሄደው ይበዛል። እዚህም ፊሽካው ሲነፋ ፊቱን ወደ ሜዳው የማያዞር ብዙ ነው።

ባንዲራው ጋ ሲደርሱ ግን ቆም ይበሉ። ልሙጡ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይበዛል፤ ኮከብ ያለበትን ይዞ መቆም የሚያስነሳውን ክርክር ደግሞ ማንም አያጣውም። የኦሮሞ ስፖርት ፌዴሬሽን ደግሞ የራሱን ውድድር ለብቻው ያደርጋል።

ይህን የባንዲራ ክርክር ሳይ የምመለከተው ወደ ኮኒፋ ነው፤ ፊፋ የማያውቃቸውን ሕዝቦችና ክልሎች የሚያሰባስበው ማኅበር። በ2018 ለንደን ላይ ቲቤት፣ ካቢሊያ፣ ማታቤሌላንድና ሰሜን ቆጵሮስን ጨምሮ 16 ቡድን ተጫወተ። በስም አስተናጋጇ ጎረቤታችን ባራዋ፣ የሶማሊያ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነበረች፤ ተጫዋቾቿ እንግሊዝ የሚኖሩ ስደተኛ ልጆች። ዋንጫውን የወሰደው በዩክሬን የሚኖሩት ሀንጋሪዎች ቡድን ካርፓታልያ ሲሆን የዩክሬን የስፖርት ሚኒስትር ወዲያው ተጫዋቾቹ በመገንጠል ተጠርጥረው ይመርመሩ አሉ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ስዊድን ላይ፣ ከቻድ መጠለያ ጣቢያዎች የመጡት የዳርፉር ልጆች በፓዳኒያ 20 ለ 0 ተሸንፈዋል። ለሦስት ነጥብ ተብሎ ያን ያህል መንገድ የሚመጣ የለም።

እነዚያ የሚጫወቱት አለን ለማለት ነው። የኛዎቹን ግን ይህ አያስጨንቃቸውም፤ ኢትዮጵያ በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዷ ናት፤ የቡድኖቻቸውም ስም ብዙ ጊዜ ከሚኖሩበት ከተማ የተወሰደ ነው። የኛ ጠብ በአገሪቱ ስም ማን ይናገር የሚለው ላይ ነው፤ ይህ ከመኖር ክርክር ይልቅ ይከፋፍላል ባይ ነኝ። በ2012 ፌዴሬሽኑ ዳላስ ላይ ሲያዘጋጅ፣ ከእሱ የተለየ ወገን ዋሽንግተን ላይ ሌላ ውድድር ከፈተ። ቤተሰብም በሁለት ከተማ ተከፈለ።

በ2018 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ዳላስ ላይ በተዘጋጀው ውድድር ተገኝተው እንዲናገሩ ጥያቄ ቀረበ። የፌዴሬሽኑ ቦርድ አልተቀበለም። ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስና በሚኒያፖሊስ የራሳቸውን ስብሰባ አደረጉ፤ ሕዝቡም አዳራሽ ሞላ፤ ኳስ ግን አልነበረም።