በዝምታ ያረምኩት ስም

ትክክለኛውን ስም የጻፈችን ሰው «ተሳስተሻል» ብዬ መልሻለሁ። ኋላ እውነቱ ሲገባኝ ደግሞ መዝገቡን ማንም ሳያየኝ አስተካክዬ ዝም አልኩ። ከሁለቱ የሚከብደኝ ሁለተኛው ነው።

በስኮትላንድ ሰዎች ያዩአቸውን የአበባ ዝንቦች ፎቶ እያነሱ ሲልኩ ስማቸውን የማረጋግጥ በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ። በተለይ ሰሪኮሚያ የተባለውን ወገን ከእኔ በላይ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር። የሰሜን ረግረግ ዝንብ ነው፤ እጩ ጅራት በሚመስል ረጅም ቱቦ እየተነፈሰ በረግረጉ ጥቁር ውሃ ውስጥ ያድጋል። የታወቀው ዝርያ ሰሪኮሚያ ሲለንቲስ በጥቁርና ቢጫ ሸንተረሩ ተርብ ይመስላል። እሷ የላከችው ግን ጠጉራም፣ ቁርጥ ባምብልቢ ንብ ነበር። ሺነር የተባለ የነፍሳት አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1860 ለእንዲህ ዓይነቱ ዝንብ ወገን ያወጣለትን አርክቶፊላ የሚለውን ስም ትታ ሰሪኮሚያ ሱፐርቢየንስ ብላዋለች። ስከቪንግተንና ቶምሰን በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱን ወገኖች አንድ እንዳደረጓቸውም ጠቅሳልኛለች።

ጥናቱን ሳላነብ «መልኩን እይው እንጂ» ብዬ ውድቅ አደረግኩባት። መልክ እንደሚያታልል ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ንብ መምሰል ዝንብን ከወፍ ያድነዋል፤ ስለዚህም በማይቀራረቡ ወገኖች ውስጥ ደጋግሞ ብቅ ብሏል። ቮሉሴላ ቦምቢላንስ የተባለው አንድ ዝርያ እንኳ ከፊሉ ጭራው ቀይ የሆነውን ንብ፣ ከፊሉ ጭራው ነጭ የሆነውን ይመስላል። ወገን በጠጉር የሚለይ ቢሆን እሱን ለሁለት መክፈል ነበረብኝ። ጠጉሩን ትቼ አንቴናውን ባየሁ ኖሮ፣ ላባ መሳዩ ዘንግ በሰሪኮሚያም በአርክቶፊላም ላይ እንዳለ አስተውል ነበር።

የአገሩ የዝንቦች ዝርዝር አዲሱን ስም ሲቀበል እኔም መዝገቡን ቀየርኩ። «ልክ ነበርሽ» የምትል አንዲት መስመር መጻፍ ግን አቃተኝ፤ ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። እሷ ከዚያ ወዲህ ፎቶ ልካ አታውቅም። ምክንያቱ እኔ አይደለሁም ብዬ ለመከራከር ፊት የለኝም።

ዘግይቼም ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ ጽፌላታለሁ፤ መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለባትም ነግሬያታለሁ። በመዝገቡም ላይ ስሙን መጀመሪያ በትክክል የጻፈችው እሷ እንደሆነች፣ ውድቅ ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያለማስረጃም እንደወሰንኩ አስፍሬያለሁ።